የቆቦ አዝመራና የላሜራ ናሙና

«የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል» የሚለው የአበው ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ነው። ምሳሌው እውነትነት አለው፤ ዳሩ ግን ለሁሉም ሥራና ለሁሉም ወራት የሚሆን አይደለም። በኅዳር ወር በራያ ቆላ ማሽላውን ቆርጦ አውድማ ላይ የከመረ ገበሬ የሚያስጨንቀው መቸኮሉ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ከአውድማ ያልተነሣ እህል ገና የገበሬው ሆኗል ለማለት አይቻልም፤ ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ፣ ወፍ፣ ምስጥና አንበጣ ሁሉ ተካፋዮቹ ናቸውና።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከዚህ ከአውድማው ጭንቀት ጋር የማይገናኝ ይመስል ይሆናል። ጥያቄያችን፣ ከላሜራ በልክ ተቆርጦና ተጣጥፎ የሚሠራ የአንድ መኪና የመጀመሪያ ናሙና በስንት ቀን ሊደርስ ይገባል የሚል ነው። ናሙና ስንል ለገበያ የሚወጣውን ዕቃ ማለታችን አይደለም። ተሠርቶ የሚፈተነውን፣ ጉድለቱ የሚታይበትን፣ ፈርሶም እንደገና የሚሠራውን የመጀመሪያውን ዕቃ ማለታችን ነው። በኢንዱስትሪ በገፉት አገሮች ይህ ሥራ ዛሬ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሆኗል። በእኛ ዘንድ ግን ወራት ሲፈጅ እናያለን፤ የወራቱም ዕዳ በመጨረሻ የሚወድቀው በገበሬው ላይ ነው።

በቆቦ ሜዳ

ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ነው። በስተ ምዕራብ ካሉት ተራሮች የሚወርዱት እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች በዝናብ ጊዜ ደለል ተሸክመው ሜዳውን ያለብሱታል። ጎርፉን እየጠለፉ ወደ ማሳ ማስገባት የአገሬው ገበሬ ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው። የዚህ ሜዳ ዋና እህል ማሽላ ነው። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ለደረቅ ቆላ የሚስማሙትን የማሽላ ዝርያዎች በቆቦ ሲፈትን ኖሯል።

እንደ ጅጉርቲና ደጋሊት ያሉት የአገር ዝርያዎች ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ከሰው ራስ በላይ ያልፋሉ። ገበሬው ይህን ቁመት አይጠላውም፤ አገዳው የከብት ቀለብ፣ ማገዶና አጥር ነውና። ስለዚህ በሌላ አገር ለአጭር ማሽላ ታስቦ የተሠራ ኮምባይነር በዚህ ማሳ ላይ ቢሰማራ፣ እህሉን ሰጥቶ አገዳውን ሊነሣ ይችላል። የራያ ገበሬ የሚያስፈልገው የተቆረጠውን የማሽላ ራስ ብቻ ተቀብሎ የሚወቃ፣ ከአውድማ ወደ አውድማ የሚጎተት ትንሽ መውቂያ ነው። አለዚያ የሚቀረው በዱላ መደብደብ ወይም በበሬ ማበራየት፣ ቀጥሎም በላይዳ እያነሡ ለነፋስ መስጠት ነው።

የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ታይቷል። በመስከረምና በጥቅምት የበረሃ አንበጣ መንጋ ራያ ቆቦን ጨምሮ በሰሜን ወሎ ቆላዎች ሲወርድ፣ የደረሰውን ሰብል ከአንበጣው ቀድሞ ማንሣት የኑሮ ጉዳይ ሆኖ ነበር። መውቂያ መኪና አንበጣን አያባርርም፤ ነገር ግን እህሉ ከሜዳ ወደ ጎተራ የሚገባበትን ጊዜ ያሳጥራል።

ሚሊ ሜትሩ የሚሠራው ሥራ

አንዳንድ ሰው «መውቂያ ማለት ከበሮና ሞተር አይደለምን? ከየትም የብየዳ ቤት ይገኛል» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በመውቂያው ውስጥ የሚሽከረከር ከበሮ አለ፤ ከሥሩም ግማሽ ክብ ወንፊት ተደግኖለታል። የማሽላው ራስ በሁለቱ መካከል ሲያልፍ ፍሬው ይፈለፈላል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከጠበበ ፍሬው ይሰባበራል፤ ከሰፋ ራሱ ሳይወቃ ያልፋል። የማሽላ ፍሬ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በክፍተቱ ላይ የምትታይ የ2 ሚሊ ሜትር ስሕተት የፍሬውን ግማሽ ታህላለች ማለት ነው። የተሰበረ ፍሬ ለነቀዝ በሩን የከፈተ ነው፤ ለዘርም አይሆንም።

ላሜራ ሲታጠፍ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በእጥፋቱ ላይ የውጭው ገጽ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፣ በመካከልም ርዝመቱን የማይለውጥ መሥመር ይቀራል። ይህን ያላሰበ ሠራተኛ ምን እንደሚገጥመው በቁጥር እንመልከት። ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ በውጭ በኩል ሲለካ ሁለቱ ጎኖቹ 50፣ ወገቡ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦይ መሳይ ዕቃ ይሠራ እንበል። ሳያስብ የሚሠራው ሰው ሦስቱን ደምሮ 200 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል። የእጥፋቱ የውስጥ ራዲየስ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን፣ በተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ የ90 ዲግሪ እጥፋት 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል መቀነስ ነበረበት። መቆረጥ የሚገባው 193 ሚሊ ሜትር ነበር ማለት ነው።

የተረፉት ሰባት ሚሊ ሜትሮች የት ይገባሉ? ቀዳዳ ከቀዳዳ አይገጥምም፤ ቡሎኑ አልገባ ይላል፤ ሠራተኛውም መዶሻውን ያነሣል፣ ወይም ቀዳዳውን በእሳት ያሰፋል። እንዲያ ተብሎ መኪናው ቢቆም እንኳ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይመስልም። ከዚህም በቀር ብረት ታጥፎ ሲለቀቅ በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ልምድ ያለው ባለ እጅ ይህን አስቀድሞ አስቦ ትንሽ አብልጦ ያጥፈዋል።

በልክ መሥራት ለውበት ብቻ የሚደረግ ቢመስል ስሕተት ነው። ልክ የሌለው ናሙና ምስክርነቱ የተበላሸ ነው። ማሽላው ተሰብሮ ሲወጣ ጥፋቱ የፈጣሪው ሐሳብ ይሁን የአጣጣፊው እጅ ለመለየት አይቻልም። በዚህ የተነሣ መልካም ሐሳብ በመጥፎ እጥፋት ምክንያት ሲጣል፣ መጥፎ ሐሳብም «አሠራሩ ነው እንጂ» እየተባለ ለከርሞ ሲተላለፍ ይኖራል።

ፍጥነቱ ከየት መጣ?

ቀድሞ በታላላቆቹ ፋብሪካዎች አንድን ላሜራ በልክ ለማውጣት ለእርሱ ብቻ የሚሆን የብረት ቅርጽ ማውጫ ይዘጋጅ ነበር። ይህ ሳምንታትና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ በሺህ ለሚቆጠር ዕቃ እንጂ ለአንድ ናሙና አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ አጠገብ ባለው የብየዳ ምርምር ተቋም፣ ፒተር ሆልድክሮፍት የተባለው ሊቅ የሌዘርን ብርሃን ከኦክሲጅን ጋር አጣምሮ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ብረት ቆረጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሌዘሩ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ የሥራው መልክ ተለወጠ። ቅርጹ በፕላን ላይ ብቻ ይቀመጣል። ኮምፒዩተሩ የታጠፈውን ዕቃ ዘርግቶ ጠፍጣፋ ልኩን ያሰላል፤ ሌዘሩ ይቆርጣል፤ «ሲ ኤን ሲ» እየተባለ የሚጠራው በቁጥር የሚታዘዝ ማጠፊያ ያጥፋል። ፕላኑ ቢታረም የሚጣል ቅርጽ ማውጫ የለም፤ የሚለወጠው ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ ናሙና መሥራት ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ፕሮቶላብስ የሚባለው ኩባንያ በፕላስቲክ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. በኒው ሃምፕሻየር የነበረ የላሜራ ናሙና ድርጅት ገዝቶ ሥራውን አስፋፍቷል። እንዲህ ያለው ድርጅት ለደንበኞቹ የሚሸጥላቸው ጊዜን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እኛ ዘንድስ?

ሌዘር ብረት በቆረጠበት በዚያው ዓመት፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» የሚባለው፣ በአሰላ ተቋቁሞ ነበር። ካዱ ከዘርና ከማዳበሪያ ሥራው ጋር የእርሻ መሣሪያዎችን የሚያሻሽልና የሚፈትን ክፍልም ነበረው። በኋላም በመልካሳ፣ በባኮና በባሕር ዳር እንዲሁ የእርሻ መሣሪያ ምርምር ተስፋፍቷል። ለቆቦ የምትቀርበው የኢንዱስትሪ ከተማ ኮምቦልቻም የብረታ ብረት ሥራ የለመደች ናት። እንግዲህ ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ሰፊውን ሕዝብ የደረሰ የላሜራ ሥራ ምሳሌም አለን። «ላቀች» የተባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ከኬንያው ምድጃ ተወስዶ ለአገራችን እንዲስማማ ከተደረገ በኋላ፣ የውጭውን ላሜራ ቆርቆሮ ሠሪዎች፣ የውስጡን ሸክላ ሸክላ ሠሪዎች ተካፍለው ሠርተውታል። የቆርቆሮው ልክና የሸክላው ልክ ካልተገናኙ ምድጃው ምድጃ አይሆንም። አንድ የታወቀ ልክ ከተሰጠው የአገራችን ባለ እጅ በልክ ለመሥራት እንደማያንስ ከዚህ ይታያል።

ታዲያ ጉድለቱ ምን ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ጉድለቱ ፍጥነትና ልክ በሁለት የተለያዩ ቤቶች መኖራቸው ላይ ነው። የትንሽ ከተማ የብየዳ ቤት ፍጥነት አለው። ጠዋት የተሰበረ ዕቃ ያመጣ ሰው ማታ ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ፕላን አይጠይቅም፤ የሠራውንም አይመዘግብም። ትልቁ ፋብሪካ በበኩሉ ፕላን፣ መለኪያና መሐንዲስ አለው። ዳሩ ግን ሺህ ዕቃ ለማውጣት የተሰናዳ ስለሆነ አንድ ዕቃ ብቻ ሲጠየቅ ሥራውን የሚያቋርጥበት ምክንያት አይታየውም። ናሙናው በሁለቱ መካከል ቀርቷል።

በዚህ ላይ የቆየ አመል አለብን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው እየጠሩ መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ መከልከላቸው ይታወቃል። ስድቡ ዛሬ ከአፍ ቢጠፋም፣ ፕላን የሚሥለው ወጣት መሐንዲስ ወደ ብየዳ ቤቱ መሄድን እንደ ውርደት የሚቆጥር ከሆነ፣ ባለ እጁም ፕላን ማንበብን እንደ ሹመት የሚፈራ ከሆነ፣ አዋጁ በልባችን አልተነበበም ማለት ነው።

ስምንት ሙከራ ወይስ አንድ?

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። በቆቦ አካባቢ የማሽላው መውቂያ ወራት ኅዳርና ታኅሣሥ ናቸው። ለሙከራ የሚሆነው ጊዜ ስድስት ሳምንት፣ ማለት 42 ቀን ነው ብለን እንያዝ። አንድ የተሳሳተ ወንፊት ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ታጥፎ በ5 ቀን ተመልሶ አውድማው ላይ የሚደርስ ቢሆን፣ በአንድ አዝመራ ስምንት ጊዜ መሞከርና ማረም ይቻላል። ያው ወንፊት 45 ቀን የሚፈጅ ቢሆን ግን ታርሞ ሲመጣ አውድማው ተጠርጓል። የሚቀጥለው ሙከራ ለከርሞ ኅዳር ነው። እንግዲህ አንዱ በአንድ አዝመራ የሚማረውን ሌላው በስምንት ዓመት ይማራል። በስምንት ዓመት ውስጥ ኃላፊው ይዛወራል፤ መሐንዲሱ ሌላ ሥራ ያገኛል፤ ፕላኑም በመሳቢያ ውስጥ ይጠፋል። እንዲያ ከሆነ ስምንተኛው ሙከራ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ይቀራል።

«የማሽላ ራስ አስቀምጦ በበጋ መሞከር አይቻልምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በከፊል ይቻላል፤ ሊደረግም ይገባል። ከበሮው መዞሩን፣ ቡሎኑ መያዙን፣ ማራገቢያው ገለባውን መለየቱን በማንኛውም ወር ማየት ይቻላል። ነገር ግን ለወራት የደረቀ ራስ ከማሳ ትኩስ እንደ መጣው አይወቃም። ርጥበቱ ሲለወጥ የፍሬው ጥንካሬም ይለወጣል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው የኅዳር አውድማ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ከውጭ ቢገዛስ?» የሚለው ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መኪናዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ መፍቀዱ ጠቃሚ ነው። ቢሆንም የገባው መውቂያ ወንፊቱ ለሌላ እህል የተበሳ ቢሆን፣ ለራያ ማሽላ የሚሆነውን ወንፊት መሥራት ግድ ይሆናል። ያም ራሱ የላሜራ ናሙና ነው። ከዚህም በላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ፣ ላሜራውም ጭምር፣ በብር ሲታሰብ ተወድዷል። የተሳሳተ ቁራጭ ሁሉ ከበፊቱ ይልቅ ያከስራል።

መንገዱም መታሰብ አለበት። ከቆቦ እስከ ኮምቦልቻ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና እንደገና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ሲያገኛት፣ ኮምቦልቻም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስትጎዳ፣ በሩቅ ከተማ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሥራ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ታይቷል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም፣ ከዚያው ዓመት ነሐሴ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲቋረጥ ነበር። አንድ ወንፊት ለማሳረም መንገድ እስኪከፈት የሚጠብቅ ገበሬ አዝመራውን ያሳልፋል።

ምን ይደረግ?

ለቆቦ የሌዘር መቁረጫ ይገዛ አንልም። ዋጋው ከባድ ነው፤ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ ጠጋኝ ይፈልጋል። የምንለው ሥራው በሁለት ይከፈል ነው። መቁረጡ ሌዘር ባለበት ከተማ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ይሁን፤ ማጠፉና መግጠሙ አውድማው አጠገብ ይሁን። የተቆረጠ ላሜራ ጠፍጣፋ ስለሆነ የአሥር ቁራጭ ጥቅል በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ታጥፎ የተገጣጠመው መኪና ግን ባዶ ሆዱን ይዞ ሙሉ አይሱዙ ያስይዛል። በእጅ የሚሠራ ጠንካራ ማጠፊያ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። መንገድ ሳይዘጋ በፊት የመጣ የተለያየ ስፋት ያለው ወንፊት መጋዘን ውስጥ ካለ፣ እርማቱ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ሳይሄድ እዚያው ይፈጸማል።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። እያንዳንዱ የብየዳ ቤትና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የራሱን ማጠፊያ ጠባይ ይወቅ። ዘዴውም ይህ ነው፦ 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ከመካከሉ በ90 ዲግሪ ይታጠፍ፤ ሁለቱ ጎኖች በውጭ በኩል ተለክተው ይደመሩ፤ ከ100 በላይ የሆነው ቁጥር የዚያ ማጠፊያና የዚያ ላሜራ ቅናሽ ነው። ለ1.5፣ ለ2 እና ለ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይህ ተሠርቶ ከማጠፊያው በላይ በግድግዳው ላይ ቢጻፍ፣ ሰባቱ ሚሊ ሜትሮች ዳግመኛ አያስቸግሩም።

ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቶች ፈንታ ነው። አንድ ላሜራ ለማሳጠፍ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ወደ ግዢ ክፍል ተልኮ፣ ተፈርሞ እስኪመለስ ድረስ ኅዳር ያልፋል። የመንግሥት ገንዘብ ቁጥጥር አያስፈልገውም ማለታችን አይደለም። ቁጥጥሩ ግን ከአዝመራው በፊት ሊደረግ ይችላል። በነሐሴና በመስከረም የአንድ እጥፋት፣ የአንድ ቀዳዳና የአንድ ሜትር ቁርጥ ዋጋ በውድድር ተወስኖ ውል ቢያዝ፣ በኅዳር የሚቀረው በውሉ ማዘዝ ብቻ ነው። ላሜራውም አስቀድሞ በመጋዘን ይቀመጥ።

በመጨረሻም የምንሸልመው ነገር ይታረም። ቀለም ተቀብቶ በኤግዚቢሽን ላይ የቆመ መውቂያ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ጊዜ ታርሟል፣ ምን ያህል ፍሬ ሰበረ፣ ያወቃለት ገበሬስ ምን አለ የሚለው ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚህ ቢመዝኑ፣ ሰባት ጊዜ ተሳስቶ ስምንተኛውን ያቀና ተማሪ፣ አንድ ጊዜ አሳምሮ ሥሎ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠው ብልጫ ቢያገኝ፣ ትምህርቱ ከአውድማው ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አንባቢያችን ይህን ሲያነብ «እኔ ላሜራ አጣፊ አይደለሁም» ይል ይሆናል። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳምንት የቆየች አንዲት የግዢ ወረቀት ከ42ቱ ቀን 14ቱን ወስዳለች፤ ከስምንቱ ሙከራ ሦስት ያህሉ በእርሷ ጠፍተዋል። ተማሪውም መዶሻና መለኪያ ይዞ ወደ ብየዳ ቤቱ ቢሄድ፣ ከባለ እጁ የሚማረውን ያህል የሚያስተምረው አለው። ማሽላው በኅዳር ይደርሳል፤ በማንም ፊርማ ቀኑን አያዛውርም። ሊፋጠን የሚችለው የእኛ ሥራ ብቻ ነው።